በጾታ ሽግግር ወቅት ጭምት ሰው ወዳጅ የሚያፈራው እንዴት ነው?

ትራንስ የሆኑ አማርኛ ተናጋሪዎች በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያም ይኑሩ በሲያትል፣ ሽግግር ሲጀምሩ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያጡት ቦታ ነው። የእሑድ ቅዳሴ፣ የወር ማኅበር፣ የዕድር ስብሰባ፣ የአክስት ቤት ቡና አንድ በአንድ ይቀራል። «አትምጡ» ያላቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ድምፅ ወይም አለባበስ ተቀይሮ ምን ተብሎ እንደሚገባ ስለሚጨንቃቸው ራሳቸው ይቀራሉ። ከወራት በኋላ ስልኩም ጸጥ ይላል።

ለጭምት ሰው ይህ ጉዳት ይብሳል። ተጫዋች ሰው በሄደበት ሁሉ አዲስ ሰው ይተዋወቃል። ጭምት ሰው ግን ወዳጆቹን ያፈራው በአብዛኛው ሳይናገር ነው፤ በየሳምንቱ እዚያው ወንበር ላይ እየተቀመጠ፣ ስኒ እያቀበለ፣ ሌሎቹ ሲጫወቱ እያዳመጠ። ከአቦል እስከ በረካ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ቤተኛ ነው፤ ማንም አያፋጥጠውም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰዓት ይጠራቀማል፤ ወዳጅነትም በዋናነት የሚሠራው ከተጠራቀመ ሰዓት ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው፦ የደረቀው የሰዓት ምንጭ ነውና ሌላ ምንጭ መቆፈር ያስፈልጋል።

ጥቂት ቃላት እናጥራ። ትራንስ የምንለው ሲወለድ የተሰጠው ጾታ ከውስጥ ማንነቱ ጋር የማይገጥምለትን ሰው ነው። ሽግግር ስምንና አለባበስን ከመቀየር ጀምሮ መታወቂያን፣ ሆርሞንንና ቀዶ ሕክምናን ሊጨምር ይችላል፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም አያደርግም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። ጭምትነትና ዓይናፋርነት ደግሞ አንድ አይደሉም። ዓይናፋር ሰው መቅረብ እየፈለገ ይፈራል። ጭምት ሰው ምንም ላይፈራ ይችላል፤ ከሰው ጋር ሲቆይ ግን ጉልበቱ ያልቃል፣ ለብቻው ሲሆን ይሞላለታል። ፍርሃት ቀስ በቀስ በመለማመድ ይቀንሳል። ጭምትነት ግን ልምምድ የሚሽረው ነገር አይደለም፤ መሻርም የለበትም፤ ኑሮው በልኩ ይሰፋለታል እንጂ።

የልብ ሰው ማጣትና ወገን ማጣት

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሮበርት ዋይስ በፈረንጆቹ 1973 ብቸኝነትን ለሁለት ከፈለው። በእኛ አነጋገር አንዱ የልብ ሰው ማጣት ነው፤ ሌላው ወገን ማጣት። አንዱ ሌላውን አይተካም። ፍቅረኛ ያለው ሰው ወገን ከሌለው ባይተዋር ነው፤ ሃምሳ ሰው የሚያውቀውም የሌሊት ጭንቀቱን የሚያካፍለው ካጣ ብቸኛ ነው።

የምትፈልጉትን ለመለየት ሁለት ጥያቄ በወረቀት ላይ ጻፉ። ባለፈው ሳምንት የከበደኝን ነገር ለማን መንገር እችል ነበር? በሚቀጥለው ሳምንት ብቀር «ምነው ዛሬ ቀሩ?» ብሎ የሚጠይቅ የት ቦታ አለ? የመጀመሪያው መልስ ባዶ ከሆነ የጎደለው የልብ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ወገን ነው። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ከሁለተኛው ጀምሩ፤ የልብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከወገን መካከል ነውና።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚፈጸም ስሕተት አለ። ወገን ያጣ ሰው ክፍተቱን በአንድ ሰው ሊደፍነው ይሞክራል፤ በፍቅረኛ ወይም መጀመሪያ ባገኘው ትራንስ ወዳጅ። ያ አንድ ሰው አድማጭም፣ ሐኪም ቤት ሸኚም፣ ልብስ መራጭም፣ የበዓል ቤተሰብም ይሆናል። በጥቂት ወር ውስጥ ይዝላል፤ መልሱ ይዘገያል፤ የዘገየው መልስ ደግሞ እንደ መጠላት ይነበባል። ወዳጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የአምስት ሰው ሸክም በአንድ ትከሻ ላይ ስለተጫነ ነው።

ሰዓቱን ማስላት

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በፈረንጆቹ 2018 ባሳተመው ጥናት መሠረት ትውውቅ ወደ ተራ ወዳጅነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ገደማ አብሮ መቆየት ይፈልጋል፤ ወደ ጓደኝነት 90 ሰዓት ገደማ፤ ወደ የቅርብ ጓደኝነት ከ200 ሰዓት በላይ። በሥራ ላይ ብቻ አብሮ የሚያልፍ ሰዓት ያን ያህል አያቀራርብም፤ ዋጋ ያለው በፈቃድ አብሮ የተቀመጡበት ነው።

አሁን ቁጥሩን ወደ ቀን መቁጠሪያ እናምጣው። በወር አንዴ ለ2 ሰዓት የሚሰበሰብ ቡድን በዓመት የሚሰጠው 24 ሰዓት ነው፤ 50 ለመድረስ ሁለት ዓመት አይበቃም። በየሳምንቱ 2 ሰዓት ከሆነ ግን 50 ሰዓት በ25ኛው ሳምንት ይሞላል፣ 90 ሰዓት በ45ኛው፣ 200 ሰዓት በ100ኛው። «ሦስት ጊዜ ሄጄ የቀረበኝ የለም» የሚል ሰው የተቀመጠው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ሰዎች ወዳጅ ሳያፈሩ የሚቀሩበት ዋናው ምክንያት ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ማቆማቸው ነው ብለን እናምናለን። ከአሥረኛው ጊዜ በፊት አትፍረዱ። አንድ ብቻ ይለያል፤ ስማችሁን አንጠራም የሚሉበት ቦታ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ውጡ።

ስለዚህ ቡድን ስትመርጡ የሚታየው ይህ ነው፦ በየሳምንቱ ይገናኝ፣ የሚመጡት ሰዎች በአብዛኛው እነዚያው ይሁኑ፣ እጅ የሚይዝ ሥራ ይኑረው፣ የሚያልቅበት ሰዓት የታወቀ ይሁን። የገበታ ጨዋታ፣ የሸክላ ሥራ፣ የሰፈር አትክልት ቦታ፣ የእግር ጉዞ፣ የሹራብ ሥራ ይስማማሉ። እጅ ሲሠራ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ ይቀራል፤ ዝምታም ምክንያት ያገኛል። የመጠጥ ግብዣና «ተዋወቁ» ተብሎ የሚጠራ ትልቅ ድግስ ለጭምት ሰው የከፋው ምርጫ ነው፤ ጩኸቱ ጉልበት ይበላል፣ ሰዉም በየጊዜው ይለዋወጣል።

የትራንስ ሰዎች የራሳቸው መሰባሰቢያም አለ። በሲያትል የኢንገርሶል የጾታ ማዕከል ከፈረንጆቹ 1977 ጀምሮ ይሠራል። በዋሽንግተን ዲሲ ዊትማን ዎከር የተባለው የጤና ተቋም የመደጋገፊያ ቡድኖች አሉት። በእስራኤል ማአቫሪም የተባለው የትራንስ ማኅበር ይገኛል። እነዚህ ቦታዎች ስምን ለመልመድና የትኛው ሐኪም በወጉ እንደሚያስተናግድ ለመስማት የሚተካከላቸው የለም። ግን እዚያ የሚወራው በአብዛኛው ችግር ነው፤ ችግር ብቻ ያገናኘው ወዳጅነት ደግሞ ችግሩ ሲቀል ወሬ ያልቅበታል። አንድ የትራንስ ቡድንና አንድ ሌላ፣ ስማችሁ የሚከበርበት ተራ ቡድን ቢኖራችሁ ሚዛን ይጠብቃል። በሳምንት ሁለት ቀጠሮ ለጭምት ሰው በቂ ነው፤ አንድም ቢሆን ይሠራል። ከቀጠሮው በኋላ ያለውን ምሽት ባዶ ተዉት።

የመጀመሪያውን ቀን ማቅለል ይቻላል። ከሁለት ቀን በፊት ለአስተባባሪው ሦስት መስመር ጻፉ፦ ስማችሁን፣ እንዴት እንድትጠሩ እንደምትፈልጉ፣ የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብላችሁ መቀመጥ እንደሚሻላችሁ። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የዘገየ ሰው ግን አሥራ አምስት ፊት ባንዴ ይቀበለዋል። ወንበር በመደርደር ወይም ሻይ በመቅዳት እርዱ። መመለሻችሁ በእጃችሁ ይሁን፤ በሌላ ሰው መኪና የሄደ ሰው ሲደክመው መውጣት አይችልም። አንድ ሰዓት ቆይታችሁ መሄድ ነውር አይደለም። ስትወጡ አንድ ሰው በስሙ ጠርታችሁ ተሰናበቱ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሰላምታው ከዚያ ይቀጥላል።

ከአምስት ስድስት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ጋብዙ። «አንድ ቀን እንገናኝ» ግብዣ አይደለም፤ ቀን የሌለው ነገር ይረሳል። እንዲህ ጻፉ፦ «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በርበሬና ቡና ልገዛ እሄዳለሁ፤ አብረን ብንሄድ ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።» ቀን፣ ሥራ፣ ማብቂያ አለው። የተጋበዘው ሰው «ቅዳሜ አልችልም፣ እሑድ ይሁን» ካለ ፍላጎት አለው። ሁለት ጊዜ ሌላ ቀን ሳይጠቅስ አልችልም ካለ ተዉት፤ በቡድኑ ውስጥ ያለው ሰላምታ ግን እንዳይቋረጥ።

አማርኛው ራሱ

በእንግሊዝኛ አንድን ሰው ፊት ለፊት ሲያናግሩ ጾታው አይነሳም። በአማርኛ ግን «ምሳ በላህ? በላሽ?»፣ «ና፣ ነይ»፣ «በርታ፣ በርቺ» እያለ በየግሡ ይወጣል። አንድ ሰዓት ቡና ላይ የተቀመጠ ትራንስ ሰው በተሳሳተ ጾታ በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ ሊጠራ ይችላል፤ አብዛኛው ደግሞ ከልማድ እንጂ ከክፋት አይደለም። አንዳንዶች ከአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ርቀው በእንግሊዝኛ ብቻ መኖር የሚመርጡት በዚህ ነው። ምርጫቸው ይገባናል፤ ግን በሚያልሙበት ቋንቋ የሚቀልድላቸው ሰው ማጣትም የራሱ ብቸኝነት ነው።

ቋንቋው መውጫም ሰጥቷል። «እኔ መጣሁ» ጾታ የለውም፤ ስለ ራሳችሁ ስትናገሩ የምትገለጡበት ነገር ጥቂት ነው። ብዙ ቁጥርና አንቱታም ጾታ የላቸውም፦ እናንተ፣ እነሱ፣ እርስዎ፣ እሳቸው። በዚህ ጽሑፍ «እናንተ» ያልነውም ለዚሁ ነው። ስሙና አጠራሩ ገና ባልለየበት ጊዜ ለሥራ ባልደረባና ለሩቅ ዘመድ አንቱታ ያገለግላል። በእኩዮች መካከል ግን ያራርቃል ወይም ለቀልድ ይወሰዳል፤ እዚያ ቁርጡን መናገር ይሻላል፦ «ስሜ ደስታ ነው፤ አንቺ በሉኝ።» ደስታና ትንሣኤ ለሴትም ለወንድም ስለሚወጡ የሽግግር ጊዜን ያቀልላሉ።

ስሕተት ሲመጣ በአንድ ቃል አርሙ። «መጣህ?» ሲባል «መጣሽ» በሉና ወሬውን ቀጥሉ። ረጅም ማብራሪያ የሰበሰባችሁትን ጉልበት ይጨርሳል፤ የወዳጅ ረጅም ይቅርታም እንዲሁ፣ መጨረሻ ላይ እናንተ አጽናኝ ትሆናላችሁና። ወዳጅ መለማመድ ከፈለገ ከትእዛዝ ግሦች ይጀምር፦ ተቀመጪ፣ ጠጪ፣ ብዪ፣ ቆዪ፤ ወይም ተቀመጥ፣ ጠጣ፣ ብላ፣ ቆይ። ምላስ ሳያስብ የሚሳሳተው እዚያ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ አንዳንድ ሰው የሚወዳትን ሴት በቁልምጫ «አንተ» ይላል። ይህ ስሕተት ነው ወይስ ፍቅር ብሎ ሌሊቱን ከመብሰልሰል አንዴ መጠየቅ ይቀላል።

የስም ነገር ጥቃቅን አይደለም። በፈረንጆቹ 2018 በአሜሪካ በ129 ትራንስ ወጣቶች ላይ የታተመ ጥናት፣ የመረጡት ስም የሚጠራበት ቦታ በአንድ ሲጨምር (ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራ ወይም ጓደኞች ዘንድ) ራስን የማጥፋት ሐሳብ በ29 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። አንድ ወዳጅ በትክክል መጥራቱ ይህን ያህል ክብደት አለው።

ገላና ቀጠሮ

ቀጠሮ የሚሰረዘው ብዙ ጊዜ በገላ ምክንያት ነው፤ አስቀድሞ ሊታሰብበትም ይችላል። በኤሌክትሪክ መርፌ ጺም የሚያስነቅል ሰው ፀጉሩ ለጥቂት ቀናት እንዲበቅል መተው አለበት፤ ሳምንታዊው ቡድን ከነዚያ ቀናት ጋር እንዳይጋጭ የሕክምናውን ቀን ከቡድኑ አንድ ሁለት ቀን በፊት አድርጉት። በሌዘር ከሆነ ፀጉሩ ተላጭቶ ስለሚመጣ ይህ ችግር የለም። ባይንደር የሚባለውን የደረት ማጥበቂያ የሚለብሱ ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቆዩበት፣ እንዳይተኙበት፣ ከባድ ስፖርትም እንዳይሠሩበት ይመከራል፤ ስለዚህ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ተራራ መውጣት የመጀመሪያ ምርጫ አይሁን።

ድምፅ የተለየ ነው። ቴስቶስተሮን ድምፅን ያጎረንናል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት መሰንጠቁ የተለመደ ነው። ኤስትሮጅን ግን አንዴ የጎረነነን ድምፅ አያቀጥንም፤ ያ በልምምድ የሚመጣ ነው። በዚህ ምክንያት በአደባባይ ዝም የሚሉ ትራንስ ሴቶች አሉ፤ ከጭምትነት ጋር ሲደመር ዝምታው ለሌላው ሰው ኩራት ይመስላል። «ድምፄን እየተለማመድኩ ነው፤ ብዙ ባላወራም ከእናንተ ጋር መሆን ደስ ይለኛል» ብሎ በጽሑፍ መላክ ያንን ግምት ያጠፋል።

ማታ የሚመጣው ፍርድ

ከሰው ተመልሰው ሲተኙ የተባለውን ሁሉ መልሶ መላልሶ ማየት የጭምት ሰው ልማድ ነው። ተመራማሪዋ ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ በፈረንጆቹ 2018 እንዳሳዩት ሰዎች አዲስ ሰው አነጋግረው ሲለያዩ ምን ያህል እንደተወደዱ አሳንሰው ይገምታሉ። የቺካጎው ጆን ካቺዮፖ ደግሞ ለዓመታት ባጠናው መሠረት የቆየ ብቸኝነት አእምሮን ለአደጋ ንቁ ያደርገዋል፤ ገለልተኛ ፊት እንኳ የተቆጣ ሊመስል ይችላል። ትራንስ ሰው ላይ ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል፤ አንዳንዱ ፊት በእርግጥ የተቆጣ ነው። ስለዚህ «ሁሉም በሐሳባችሁ ነው» የሚል ምክር አንሰጥም። የምንለው፣ በዚያ ምሽት አትወስኑ ነው። በማግስቱ ቀን ሁለት ዓምድ ሠርታችሁ በአንዱ የተባለውንና የተደረገውን፣ በሌላው እናንተ የገመታችሁትን ጻፉ። በመጀመሪያው ዓምድ ስድብ፣ ሆን ተብሎ የድሮ ስም መጥራት ወይም ምሥጢር ማውጣት ካለ ራቁ። ያለው በሁለተኛው ብቻ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ።

ብቸኝነቱ ራስን ወደ ማጥፋት ሐሳብ ከወሰዳችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። በአሜሪካ 988 የተባለው የስልክ መስመር ሌሊትም ቀንም ይሠራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። በትራንስ ሰዎች የሚመራው ትራንስ ላይፍላይን የተባለው የስልክ መስመር ቁጥሩ 877-565-8860 ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

በሐበሻ መካከል ይህ ጥያቄ ከስም ቀጥሎ ይመጣል። ስም ቢቀየርም የአባት ስም ያው ነው፤ የአባት ስም ከሰፈር ወይም ከአጥቢያ ጋር ሲደመር ቤተሰብ ድረስ ይደርሳል። መልሱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፦ «ቤተሰቤ ብዙም እዚህ የለም፤ አንተስ?» ብሎ ጥያቄውን መመለስ በቂ ነው። ለአዲስ ወዳጅ ስለ ሽግግሩ መንገር ግዴታ አይደለም። ለመንገር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሌላ ትንሽ ምሥጢር ስጡትና አንድ ወር ተመልከቱ፤ ያ ካልወጣ ትልቁን መያዝ ይችል ይሆናል። ስትነግሩም ማን ማን እንደሚያውቅና ማን ማወቅ እንደሌለበት በግልጽ ተናገሩ። ምሥጢር በአብዛኛው የሚወጣው «ሁሉም የሚያውቅ መስሎኝ» በሚል ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ አንባቢዎች ከላይ ያለው ምክር እንዳለ አይሠራም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግ ግንኙነትን በወንጀል ይቀጣል፤ ጾታን በሰነድ ለማስቀየር የሚያስችል ሕግም የለም። በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም አደጋው ከባድ ነው። እዚያ ቅድሚያው ደኅንነት ነው። ፊት የሚታይበት ፎቶ ለማይታወቅ ሰው አይላክ፤ ማስፈራሪያ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ አድርጉ፤ የስልክ ማውጫችሁንም ከማኅበራዊ መተግበሪያዎች ጋር አታገናኙ፤ ዘመድ የሚያገኛችሁ በዚያ በኩል ነው። በአካል መገናኘት የግድ ከሆነ የሚታመን ሰው ቦታውንና ሰዓቱን ይወቅ። ቡድን መፈለግ ሳይሆን አንድ የታመነ ሰው ማቆየት ይቀድማል።

በዓል

ዓመቱን ሙሉ የቻለ ሰው በእንቁጣጣሽ፣ በገና ወይም በፋሲካ ይሰበራል። ከሁለት ሳምንት በፊት አስቡበት፤ በዋዜማው የሚጋበዝ ሰው ሌላ ቦታ ሄዷል። ከጭምት ሰው ድግስ መጥራት አይጠበቅም። ሁለት ሰው ይበቃል፤ የተዘጋጀ እንዲበሉ ሳይሆን አብረው እንዲሠሩ ጥሯቸው። ለአንድ ዶሮ ወጥ 2 ወይም 3 ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል፤ ቁሌቱም ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይማሰላል። አንዱ ይከትፋል፣ አንዱ ያማስላል፣ አንዱ ዶሮውን በሎሚና በጨው እያጠበ አሥራ ሁለት ብልት ያወጣል፤ አሥራ ሁለቱን እንቁላል የሚልጥም ይገኛል። ወሬ ቢጠፋ ማንም አይታዘብም፤ ሽንኩርቱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ድስቱም ማማሰያ ይፈልጋል። እንጀራው ቀርቦ እስኪቆረስ አምስት ሰዓት ያልፋል። ከሃምሳው ሰዓት አምስቱ በአንድ ቀን ተቆጠረ ማለት ነው። ለእንግዶቹ የሚላከው መልእክት ላይ ይህን ጻፉ፦ «ጠዋት ኑ፤ መክተፊያ አለኝ፤ ቢላ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ይዛችሁ ኑ።»